ነጋድያን፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ያለፈው ጥንታዊ መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የቅዱሳን አባቶቻችንን ገድል ስታነቡ ደጋግማችሁ የምታገኙት አንድ አጭር አነጋገር አለ። አባታችን ከሸዋ ተነሥተው ወደ አምሐራ ሄዱ፣ ከአምሐራ ተነሥተው ወደ ትግራይ ሄዱ፣ ከዚያም ተመለሱ ይላል። የገድሉ ጸሐፊ ይህን ከተናገረ በኋላ ወዲያው ወደ ተጋድሏቸውና ወደ ተአምራታቸው ይሻገራል። አድማጮቹ መንገዱን በእግራቸው ያውቁት ስለነበር ሊነግራቸው አላስፈለገውም። እኛ ግን በአውቶቡስ የምንሄድ ትውልድ በመሆናችን፣ «ተነሡ» በሚለውና «ደረሱ» በሚለው ቃል መካከል ያለው አገር ከንባባችን ጠፍቶብናል። ይህ ጽሑፍ ወደዚያ አገር ይወስዳችኋል፤ ከሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወደሚያቀናው የጨው ነጋዴዎችና የመነኮሳት መንገድ።

አስቀድመን አንድ ቃል እንመርምር። ቤተ ክርስቲያናችን በመስተብቍዕ ጸሎቷ ስለ ነጋድያን ትለምናለች። በዐማርኛ ብቻ የሚያስብ ምእመን ይህን ሲሰማ ሱቅ ከፍተው፣ ሚዛን አስቀምጠው የሚሸጡ ሰዎች ይታዩታል። በግእዝ ግን «ነገደ» ማለት መንገድ ሄደ፣ ተጓዘ ማለትም ነው፤ «ነጋዲ» የሚባለውም ሸቀጥ የጫነው ብቻ ሳይሆን መንገደኛው ሁሉ፣ ወደ ቅዱሳት መካናት የሚጓዘውም ጭምር ነው። «ነግድ» ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው። እንግዲህ መንገድ፣ ነጋዴና እንግዳ የምንላቸው ሦስቱ የዐማርኛ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። እኛ ዛሬ ነጋዴውን ለገበያ፣ መናኙን ለገዳም፣ እንግዳውን ለቤታችን ለይተን ሰጥተናል። የጥንቱ ቋንቋ ያልለያቸው መንገዱም ስላልለያቸው ይመስለኛል፤ ሁሉም በአንድ ገደል ወርደው በአንድ ገደል ይወጡ ነበርና።

አሁን ወደ አገሩ እንምጣ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ከሩቅ ለሚያየው ገበታ የመሰለ ሜዳ ነው። ሜዳው ግን በድንገት ይቆረጣል። መንዝን ከደቡብ የሞፈር ወንዝ፣ ከምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ ከሰሜን ቀጭኔ ይከቡታል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ ኤፍራታ ቆላ የሚያዘቀዝቅ የተራራ ሰንሰለት አለ። በዚህ አጥር ውስጥ ላሎ ምድር በደቡብ፣ ማማ ምድር በመካከል፣ ጌራ ምድር በሰሜን ይገኛሉ፤ ላሎ፣ ማማና ጌራ አገሩን እንደተካፈሉት የሚነገርላቸው የሦስት አባቶች ስሞች ናቸው። ግሼ ከዚህ በሰሜን ነው። (ግሼን፣ ግማደ መስቀሉ ካለባት ከወሎዋ ግሸን ማርያም ጋር የሚያደባልቅ አንባቢ አይጠፋም፤ ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው።) መርሐ ቤቴ ደግሞ በምዕራብ በኩል በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል ከፍ ብሎ የተቀመጠ አገር ነው።

እንግዲህ ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ቤተ አምሐራ፣ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ላስታና ወደ ትግራይ የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ደጋውን ሳይለቅ በምሥራቁ ጠርዝ መሄድ ነው፤ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ፣ በጓሳ ሣር መካከል ወደ ግሼ፣ ከግሼ ወደ ወሎ። በዚህ መንገድ ወንዙ ያንሳል፣ ብርዱ ግን ይበረታል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ምድር ነው፤ የመንዝ በርኖስና ባና ስም ያወጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ወደ ጀማ ወርዶ ወደ መርሐ ቤቴ መውጣት፣ እንደገና ወደ ወንጪት ወርዶ ወደ አምሐራ መውጣት ነው። በካርታ ላይ ሲታይ አጭር ይመስላል። ነገር ግን ከደጋው ጫፍ እስከ ጀማ ወንዝ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ የወረዱትን ያህል መውጣት አለ፤ ያንንም ከጨረሱ በኋላ ወንጪት ከፊት ይጠብቃል። ቆላው ወባ አለበትና የደጋ ሰው እዚያ ማደርን ይፈራል። ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ ወርዶ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሳይመሽ ማዶ ደጋው ላይ ለመውጣት ይጣደፋል።

ይህን ቁልቁለት ሸክም ከያዘ እንስሳ ጋር አስቡት። አህያ ስትወርድ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፤ ስትወጣ ወደ ኋላ ይጎትታታል፤ በጠባቡ መንገድ ላይ አንዷ ብትሰናከል የኋላዎቹ ሁሉ ይቆማሉ። በ1512 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ምጽዋ የደረሰው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ይህን አገር በእግርና በበቅሎ አልፎበታል። የጉዞው መጽሐፍ በ1540 እ.ኤ.አ. በሊዝበን ታትሟል። አልቫሬዝ ከአምሐራ ወደ ሸዋ ሲሻገር ካያቸው አስፈሪ ገደሎች የአንዱን ስም ከነትርጉሙ ጽፎልናል፤ አህያ ፈጅ። መጽሐፉን ያጠኑ ሊቃውንት ይህን ስም ከወንጪት ገደል ጋር ያያይዙታል። በዚያ በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ኬላ ነበር፤ በር ተሠርቶለት ጠባቂ ቆሞበት፣ ያለፈ ሁሉ ቀረጥ ይከፍልበት ነበር። አገሩን ስሙ ከሚገልጸው በላይ ልገልጽላችሁ አልችልም። ስሙን ያወጡት ነገሥታት ወይም ጸሐፍት አይመስሉኝም፤ አህያ የሞተበት ነጋዴ ያወጣው ስም ይመስላል።

አህያዋ የተጫነችው ምን ነበር? ከሁሉ በፊት ጨው። ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው ምግብም ገንዘብም ነበር። የጨው ንግድ በአገራችን ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱምን ያየው ኮስማስ የተባለው ጸሐፊ የአክሱም ነጋዴዎች ጨው፣ ብረትና ከብት ይዘው ወርቅ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይወርዱ እንደነበር በመጻፉ ይታወቃል። ወደ ሸዋ ለሚመጣው ጨው ግን ከሁሉ ይልቅ ዋጋውን ያወረደልን አልቫሬዝ ነው። ጨው በሚወጣበት አካባቢ አንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይገዛ ነበር፤ ያው ጨው ንጉሡ ወዳለበት ከተማ ሲደርስ በአንድ ድራም ወርቅ የሚገኘው 6 ወይም 7 ብቻ ነበር። ዋጋው ወደ ሃያ እጥፍ አድጓል ማለት ነው። ጨውስ ያው ጨው ነው፤ የጨመረው መንገዱ ነው። በየኬላው የተከፈለው ቀረጥ፣ በየገደሉ የወደቀው አህያ፣ በየዝናቡ የሟሟው አሞሌ ሁሉ በዚያ ልዩነት ውስጥ አለ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ አገሬው ከጉዞ እንደሚታቀብም ይኸው ጸሐፊ መዝግቧል። ጀማና ወንጪት ሞልተው ሲወርዱ ነጋዴውም መነኩሴውም ባሉበት ይከርማሉ።

እንግዲህ ወደ ገድሉ እንመለስ። ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከትውልድ አገራቸው ከሸዋ ተነሥተው ወደ አምሐራ፣ ከዚያም አባ ኢየሱስ ሞአ ወዳሉበት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከሐይቅም ወደ ደብረ ዳሞ መሄዳቸውን ሁላችንም ተምረናል። ዘመኑ 13ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በደጋው ጠርዝ ቢሄዱ የመንዝና የግሼ ብርድ አለ፤ በምዕራቡ ቢሄዱ የጀማና የወንጪት ገደል አለ፤ ሦስተኛ ቀላል መንገድ የለም። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ አይኖርም። የሸዋ ወጣት መናኝ ሐይቅ የሚባል ገዳም እንዳለ የሚሰማው፣ የሚሄድበትንም ወቅት የሚያውቀው ከሚመላለሱ መንገደኞች ነው። ከእነዚያም ዘወትር የሚመላለሰው ነጋዴው ነበር።

ስለ መጻሕፍትም አንድ ነገር ልበል። ኢየሱስ ሞአ ለሐይቅ ገዳም ያስጻፉት በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ የወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከዚያ ትምህርት ቤት ወደ ደቡብ የተመለሱ መነኮሳት መጻሕፍት ተሸክመው እንደተመለሱ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችሁ ዕቃ ቤት ያለውን አሮጌ ብራና ተመልከቱ። ብራናው በቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩም ማንገቻ አለው። በቤት ለሚቀመጥ መጽሐፍ ማንገቻ ለምን አስፈለገ? መጽሐፍ በትከሻ የሚሄድ ነገር ስለነበረ ነው። ማኅደሩ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል እንደ ጌጥ እናየዋለን እንጂ የመንገድ ልብስ መሆኑን ልብ አንለውም።

የመንገዱ ፍሬ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጎልቶ ታየ። አቡነ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስ በጳጳሱ በአቡነ ያዕቆብ ዘመን የሸዋንና የአካባቢውን አገሮች ለዐሥራ ሁለት መምህራን ሲያከፋፍሉ፣ መርሐ ቤቴ ለአቡነ መርቆሬዎስ ደረሰ። ከዚህ ሌላ በሞረት ምድር የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም ደብረ ብሥራት አለ። እነዚህን ቦታዎች ዛሬ «ሩቅ ገዳማት» እንላቸዋለን፤ ከአስፋልት የራቁ ናቸውና። በዚያ ዘመን ግን የነገሥታቱ መቀመጫ በዚሁ በሸዋ ደጋ፣ በተጉለት፣ በኋላም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ብርሃን ነበር፤ ከቤተ አምሐራ ወደ ቤተ መንግሥት የሚመጣ መንገደኛ በእነዚህ ገደሎች መውረድና መውጣት ነበረበት። አባቶች ከሰው ሸሽተው ማንም የማያልፍበት ጥግ ገቡ ብለን ስናስተምር ግማሹን ብቻ ነው የምንናገረው። ዋሻው ጥግ ነው፤ ዋሻው ያለበት አገር ግን በር ነበር።

ይህ መንገድ ያመላለሰው በጎ ነገር ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ የሚቀልላቸው ጸሐፍት አሉ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ግን ሙሉውን ማወቅ ይገባዋል። በዚሁ መንገድ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር። አልቫሬዝ ጨው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማሳየት ከደረደራቸው ምሳሌዎች አንዱ በጥቂት አሞሌ የሚገዛ ባሪያ ነው። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከአንኮበር በታች፣ ከአልዩ አምባ ገበያ አጠገብ፣ ዐብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ ነበር። ከታጁራና ከዘይላ ወደብ በግመል የሚመጣው ሸቀጥ ፋሬ ላይ ይራገፋል፤ ግመል አቀበቱን አይችልምና በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል። በዚያው መንገድ ቁልቁል ደግሞ የተሸጡ ልጆች ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። እነርሱም በግእዙ አፈታት መንገደኞች ናቸው፤ ወደው ያልተነሡ፣ ሊመለሱም የማይችሉ። በመስተብቍዕ «ነጋድያን» ሲባል እነርሱን ያሰበ ካህን በዚያ ዘመን ነበረ ብዬ ለማመን እፈልጋለሁ።

መንገድ ማን እንደሚያልፍበት አይመርጥም። በሐምሌ 1523 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ፤ በኅዳር 1524 ዓ.ም. ደግሞ በቤተ አምሐራ ያለችው ታላቋ መካነ ሥላሴ ተቃጠለች። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አራት ወር ያህል ነው፤ ከእርሱም የሚበዛው ክረምት ነበር። ወንዞቹ እንደ ጎደሉ ጦሩ ተሻገረ ማለት ነው። ትናንት መነኮሳቱን ያስተላለፈ መሻገሪያ ዛሬ ጦሩን አስተላለፈ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ረጅም ዘመን ነገሥታቱ መቀመጫቸውን ወደ ጣና አካባቢ፣ በመጨረሻም ወደ ጎንደር ስላዛወሩ፣ የሸዋ ደጋ ከመካከል ወደ ዳር ተገፋ። መንዝ ግን ገደሉን አጥር አድርጎ ቆየ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ የሸዋ መሳፍንት ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆነ። በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን ግዛቱን በንጉሠ ነገሥቱ ለማስጸደቅ እስከ ጎንደር ተጓዘ፤ እዚያው በፈንጣጣ ሞተ። ወንዙን፣ ብርዱን፣ ኬላውን ሁሉ አልፎ የደረሰ ሰው በደረሰበት ከተማ በሽታ ጠበቀው።

ስለ መንዝና ግሼ መንገድ በዝርዝር የጻፈ ሌላ መንገደኛ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የተባለው ጀርመናዊ ነው። ክራፕፍ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ነበርና ስለ ሃይማኖታችን የጻፈውን በጥንቃቄ እናነባለን። የጉዞ ማስታወሻው ግን ለታሪክ ትልቅ ጥቅም አለው። በመጋቢት 1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲያመራ ሰላ ድንጋይ ላይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅን አገኘ፤ እኒህ እመቤት ያንን አገር የሚያስተዳድሩ ብርቱ ሰው ነበሩ። ከዚያ በመንዝ በኩል ወደ ግሼ አለፈ። በንጉሡ ግዛት ውስጥ እስካለ ድረስ የንጉሡ ስም ይጠብቀዋል፤ በየደረሰበት ማደሪያ ይሰጡታል። ከግሼ ማዶ ግን ያ ስም አይሠራም። በወሎ አዳራ ቢሌ የተባለው የአካባቢው ገዢ እንግዳ አድርጎ ከተቀበለው በኋላ ያለውን ሁሉ ገፎ ሰደደው። ክራፕፍ የቀረውን መንገድ እስከ ምጽዋ የተጓዘው ባዶ እጁን፣ በየመንደሩ የሚያገኘውን ምጽዋት እየበላ ነው። ያበሉት ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደሆነ ጠይቀው አይደለም፤ ደጃቸው ላይ የቆመ እንግዳ ስለነበረ ነው።

የክራፕፍን ታሪክ ያነሣሁት ስለ እርሱ ብዬ አይደለም። መንገደኛ በዚያ ዘመን ምን ላይ እንደሚታመን ያሳያል። ከወንዝ በላይ፣ ከገደልም በላይ የሚያስፈራው ነገር ዛሬ የሚያሳድርህ ሰው ማን እንደሆነ አለማወቅ ነበር። ነጋዴ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ በቡድን ይሄዳል፤ ነጋድራስ አለው፤ ጦርና ጋሻ ይይዛል። መነኩሴ መስቀሉንና መቋሚያውን ይዞ ይሄዳል። የሁለቱም ሌሊት ግን የሚያልፈው በማያውቁት ሰው ደጃፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ወንጌል የተቀበለውን መከራ ሲዘረዝር የወንዝንና የወንበዴን ሥጋት አንድ ላይ ይጠራቸዋል፤ የሰሜን ሸዋ ሰው ያንን መልእክት ሲሰማ ወንዙንም ወንበዴውንም በስም ያውቃቸው ነበር።

ውድ አንባብያን፤ በመጪው የበጋ ወራት ብዙዎቻችሁ ከየሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ጋር ወደ አቡነ ዜና ማርቆስ፣ ወደ ሚዳው አቡነ መልከ ጼዴቅ ወይም ወደ መንዝ አድባራት ትጓዛላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጣልያን ቆፍሮት በሄደው ዋሻ ውስጥ አውቶቡሱ በደቂቃ ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ መዝሙሩ እንኳ አይቋረጥም። በዓለም ከተማ መንገድም ጀማን የምትሻገሩት በድልድይ ነው። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ አስተባባሪዎቹ ዐሥር ደቂቃ እንዲያቆሙላችሁ ለምኗቸው። ወርዳችሁ ወደ ኋላ የወረዳችሁበትን፣ ወደ ፊት የምትወጡበትን ተመልከቱ።

ከገዳሙ ስትደርሱ ደግሞ ከጠበሉና ከበረከቱ ቀጥሎ አረጋውያኑን የምትጠይቁት ጥያቄ ይኑራችሁ። ድልድይ ሳይሠራ ሰው ወንዙን በየት በኩል ይሻገር ነበር? የመሻገሪያው ስም ማን ይባላል? ጨው የሚራገፍበት ገበያ የት ነበር? ኬላውስ? እነዚህ ስሞች በመጽሐፍ የሉም፤ ያሉት በሰማንያና በዘጠና ዓመት አባቶችና እናቶች አፍ ነው። የነገሯችሁን በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉት፤ የተናገሩትን ሰው ስምና ቀኑንም አክሉበት፤ አንዱን ቅጂ ለሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።

ይቆየን።